የልጅ ጣት በጭቃ ላይ
ስለ ትናንሽ ምስሎች አሠራር አጭር ታሪክ



የታሪክ መጽሐፍ በገለጥን ቍጥር የምናገኘው የነገሥታትን፥ የጦር አለቆችንና የታላላቅ ሕንጻዎችን ዜና ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በመዳፍ ውስጥ ተጨብጦ የሚታይ ትንሽ ምስልም የራሱ ታሪክ አለው። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ትንሹ ነገር ትልቁ የማይነግረንን ይነግረናል።

ዘንድሮ የተማሪ ቤታችን የምሥረታ በዓል ሲከበር የእጅ ሥራ ክበባችን ለኤግዚቢሽኑ የግቢያችንን ሰዎች የሚያሳዩ ትናንሽ ምስሎች እንዲሠራ ታዘዘ። ለእኔ የደረሰኝ ሁላችንም አባባ እያልን የምንጠራቸውን፥ ጧትና ማታ ደወል የሚደውሉትን ሽማግሌ ዘበኛ መሥራት ነበር። አንዲት የክበባችን አባል አክስቷ ከውጭ አገር የላከችላትን ፖሊመር ክሌይ የሚባል ባለ ብዙ ቀለም ሰው ሠራሽ ጭቃ አመጣችልን። ገና ስንነካው ሁላችንም የጠየቅነው አንድ ነገር ነበር፤ «ይህ ጭቃ ከምን ተሠራ? ማንስ ፈለሰፈው?» መምህራችንም «የጠየቀ ይመርምር» ብለው ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምርመራ ፍሬ ነው። ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ከድስት በፊት ምስል

ብዙ ሰው የሰው ልጅ ጭቃን በመጀመሪያ የተጠቀመበት ለድስትና ለእንስራ ይመስለዋል። እኔም እንደዚሁ አስብ ነበር። እስካሁን የተገኘው ማስረጃ ግን ሌላ ነገር ያሳያል።

በሞራቪያ፥ ማለት ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በምትባለው አገር፥ ዶልኒ ቪየስቶኒጼ ከምትባል መንደር አጠገብ የጥንት አዳኞች ሰፈር ተቈፍሮ ወጥቷል። በ1925 ቈፋሪዎቹ በአመድ ውስጥ ለሁለት የተሰበረች የሴት ምስል አገኙ። ቁመቷ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ከጭቃ ተሠርታ በእሳት የተተኰሰች ናት። ዕድሜዋም ከ25,000 ዓመት በላይ እንደሚሆን ሊቃውንት ይገምታሉ። በዚያው ሰፈር የእንስሳት ምስሎችና እጅግ ብዙ የተተኰሰ ጭቃ ስብርባሪ ተገኝቷል። በዚያ ዘመን እህል የሚዘራ ሰው አልነበረም፤ በዚያ ሰፈርም የሸክላ ድስት አልተገኘም። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች ጭቃን ለወጥ መሥሪያ ሳያውቁት ለምስል ዐውቀውታል።

ከዚህም ሁሉ የሚያስደንቀው በኋላ የመጣው ነው። በ2004 ምስሏ በራጅ መሣሪያ ስትመረመር በገላዋ ላይ የጣት አሻራ ታየ። አሻራውም ዕድሜው ከ7 እስከ 15 ዓመት የሚሆን ልጅ አሻራ ነው ተባለ። ልጁ ምስሏን ሠራት ለማለት አይቻልም። ምናልባት ጭቃው ሳይደርቅ ያነሣት ብቻ ይሆናል። ቢሆንም በእኛ ዕድሜ ያለ አንድ ልጅ፥ ስሙንና ቋንቋውን ማንም የማያውቀው፥ ጣቱን በእርጥብ ጭቃ ላይ አሳርፎ ምልክቱ እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ከዚያ በብዙ ሺህ ዓመት ቈይቶ፥ ከዛሬ 4,000 ዓመት በፊት፥ በኢንዱስ ወንዝ ሸለቆ የነበሩት የሞሄንጆ ዳሮና የሐራፓ ከተሞች ሰዎች ለልጆቻቸው ከሸክላ መጫወቻ ይሠሩ ነበር። መንኰራኵር ያላቸው ትናንሽ ጋሪዎች፥ በሬዎችና የወፍ ቅርጽ ያላቸው ፉጨቶች ከመሬት ውስጥ ወጥተዋል። በገጠር ያደገ ተማሪ ይህን ሲሰማ አይደነቅም። ከብት እየጠበቀ በወንዝ ዳር የጭቃ በሬ ጠፍጥፎ፥ ቀንዱን በእንጨት ሰክቶ በፀሐይ ያላሰጣ እረኛ ማን ነው?

የማይደርቀው ጭቃ

የተፈጥሮ ጭቃ ግን ለምስል ሠሪ ሁለት ችግር ያመጣበታል። አንደኛው፥ ሥራው ሳያልቅ ይደርቃል፤ ሲደርቅም ይኰማተራል፥ ይሰነጠቃል። ሁለተኛው፥ ሸክላ ሆኖ እንዲጸና ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ የሆነ ብርቱ እሳት ይፈልጋል። ይህን እሳት በየቤቱ ማንደድ አይቻልም።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የመጀመሪያው ችግር መፍትሔ አገኘ። በ1880 በጀርመን አገር በሙኒክ ከተማ ፍራንጽ ኮልብ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ በቅባት የተለወሰና የማይደርቅ ጭቃ አዘጋጀ። በ1897 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ የሥዕል መምህር የነበረው ዊልያም ሃርበት ፕላስቲሲን የተባለውን ሠራ። ሃርበት ይህን ያደረገው ለተማሪዎቹ ብሎ ነው። የተለመደው ጭቃ በመካከሉ እየደረቀ ትምህርታቸውን ያሰናክልባቸው ነበር። በ1900 በባዝ አጠገብ ባትሃምፕተን በሚባል ስፍራ ፋብሪካ ተከፈተ፤ ፕላስቲሲንም በየአገሩ የልጆች መጫወቻ ሆነ።

ይሁን እንጂ የማይደርቅ ጭቃ የማይጸና ጭቃም ነው። ዛሬ የተሠራው ፈረስ ነገ ሰው ቢቀመጥበት ይጠፈጠፋል። ለተንቀሳቃሽ ፊልም ሠሪዎች ይህ ጠባዩ በጅቷቸዋል፤ ምስሉን ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሱ ፎቶግራፍ ያነሡታልና። በ1989 በመጀመሪያ የታዩት የእንግሊዞቹ ዋላስና ግሮሚት በዚህ ዓይነት ጭቃ የተሠሩ ናቸው። ሥራውን ጠብቆ ለማቈየት ለሚሻ ሰው ግን ሁለተኛው ችግር እንደ ነበረ ቀረ።

የአሻንጉሊት ሠሪዋ ቤት

የሁለተኛው ችግር መፍትሔ የመጣው ከአንዲት እናት ቤት ነው።

ኬተ ክሩዘ በ1883 በብሬስላው ተወለደች። በመጀመሪያ የቲያትር ተዋናይ ነበረች፤ በኋላ ማክስ ክሩዘ የተባለውን የሐውልት ቀራጭ አገባች። በ1905 ትልቋ ልጅዋ አሻንጉሊት እንዲገዛላት ለመነች። አባትየው ግን በበርሊን ሱቆች የሚሸጡትን አሻንጉሊቶች አይቶ አልወደዳቸውም፤ ቀዝቃዛና ሕይወት የሌላቸው መሰሉት። «ራሳችሁ ሥሩ» የሚል ምላሽ ላከ። እናቲቱም ፎጣ ወስዳ አሸዋ ሞላችበት፤ ለራሱም ድንች አደረገችለት። ልጅቷ ያንን አሻንጉሊት እንደ ሕፃን ዐቀፈችው። በ1910 በበርሊን አንድ ትልቅ መደብር በቤት የተሠሩ መጫወቻዎችን ለሕዝብ ሲያሳይ የኬተ ክሩዘ አሻንጉሊቶች እጅግ ተወደዱ፤ በ1912ም ሥራዋን ባድ ኮዘን በምትባል ከተማ አቋቋመች።

ከልጆቿ አንዷ ሶፊ ትባላለች፤ በቤት የሚጠሯት ግን ፊፊ እያሉ ነበር። በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀምር ለአሻንጉሊት ራስ የሚሆን ጥሬ ዕቃ እየጠፋ ሄደ። በምትኩም አንድ የፕላስቲክ ዓይነት ልስልስ ነገር ለእናትየው ቀረበላት። ለፋብሪካ ሥራ አልተስማማም። ፊፊ ግን አልጣለችውም፤ እየለወሰች፥ ቀለም እየጨመረች፥ በምድጃ እየሞከረች ብዙ ዓመት ደከመችበት። በ1964 ኤበርሃርድ ፋበር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ፈጠራዋን ገዛት፤ ጭቃውም ፊሞ የሚል ስም ይዞ በዓለም ገበያ ወጣ። የስሙ መጀመሪያ «ፊ» ከዚያች ልጅ የቤት ስም የተወሰደ ነው።

በዚያው ዘመን መጀመሪያ ላይ በአሜሪካም ተመሳሳይ ነገር ሆነ። አንድ ኩባንያ በኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ውስጥ ሙቀት የሚያስተላልፍ ውሕድ ለማግኘት ሲሞክር ያሰበው ሳይሳካለት ቀረ። ኩባንያው ራሱ እንደሚተርከው፥ ከሠራተኞቹ የአንዱ ሴት ልጅ ፋብሪካውን ልትጐበኝ መጥታ ከተጣለው ውሕድ ትንሽ ምስል ሠራችና በመሞከሪያው ምድጃ ውስጥ ተጋገረ። ስካልፒ የሚባለው ጭቃ የተገኘው እንዲህ ነው ይላሉ። ታላላቆቹ የማይረባ ነው ያሉትን ልጅ አንሥታ ጠቃሚ አደረገችው።

ምስጢሩ ምንድን ነው?

ፖሊመር ክሌይ በስሙ ጭቃ ይባል እንጂ አንዳች አፈር የለበትም። ዋናው ነገሩ ፖሊቪኒል ክሎራይድ የሚባለው ፕላስቲክ ነው፤ ይኸውም ለውኃ ቧንቧ የሚሠራበት ዓይነት ነው። ይህን ፕላስቲክ አውገን ባውማን የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በ1872 በአጋጣሚ አግኝቶት ነበር፤ ነገር ግን ደረቅና ተሰባሪ ስለ ሆነ ጥቅም አልተገኘለትም። በ1926 ዋልዶ ሴመን የተባለ አሜሪካዊ ማለስለሻ ፈሳሽ ጨምሮበት እንደ ጐማ እንዲተጣጠፍ አደረገው። በፖሊመር ክሌይ ውስጥ እጅግ የደቀቀው የፕላስቲክ ዱቄት ከማለስለሻው ጋር ተለውሶ ይገኛል። በብርድ ሳለ ቅንጣቶቹ የተለያዩ ናቸው፤ ስለዚህ ለወራት እንደ ሊጥ ይታሻል። ከ110 እስከ 130 ዲግሪ ሲሞቅ ግን ቅንጣቶቹ ማለስለሻውን ጠጥተው ያብጡና እርስ በርሳቸው ይዋሐዳሉ። ከዚህ በኋላ ወደ ሊጥነቱ አይመለስም። ሸክላ ለመሆን ብርቱ እሳት ይፈልግ የነበረው ነገር በቤት ምድጃ የሚበቃው ሆነ።

ጥንቃቄም ያስፈልገዋል። ቀድሞ ለማለስለሻነት ይጨመሩ ከነበሩት ፍታሌት የሚባሉ ውሕዶች አንዳንዶቹ ለልጆች ጤና አስጊ ሆነው ስለ ተገኙ፥ የኤውሮፓ ኅብረት በ2005፥ አሜሪካም በ2008 በልጆች መጫወቻ እንዳይገቡ በሕግ ከለከሉ፤ ፋብሪካዎችም ቅመማቸውን ለወጡ። ጭቃው ከመጠን በላይ ቢሞቅ ደግሞ ጐጂ ጢስ ያወጣል። ይህንን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ቀጥሎ እንደምናገረው በራሴ ደርሷል።

የአባባ ምስል እንዴት ተሠራ?

አሠራሩን በአጭሩ ልግለጥ። መጀመሪያ የሰውዬውን ቁመት በወረቀት ላይ ነደፍሁ። ከዚያ ቀጭን ሽቦ አጣጥፌ አጽም አበጀሁለት፤ ደረቱንና ራሱን በተጨመደደ የአሉሚኒየም ወረቀት ሞላሁት። ይህም ጭቃ ይቈጥባል፤ ደግሞም ወፍራም ጭቃ ውስጡ ሳይበስል እንዳይቀር ይረዳል። በዚህ ላይ በደንብ የታሸውን ጭቃ በስሱ አለበስሁት። መሣሪያዬ ስቴኪኒ፥ መርፌና የቈየ የጥርስ ብሩሽ ነበር። ስቴኪኒው የዓይንና የአፍ መስመር ያወጣል፤ ብሩሹ ደግሞ ልብሱ ላይ ጠቅ ጠቅ ሲደረግ የሱፍ ካፖርት ያስመስለዋል።

ስሕተቴ በምድጃው ላይ ሆነ። ሸክላ ብርቱ እሳት እንደሚወድ ሰምቼ ስለ ነበር ሙቀቱን ከታዘዘው በላይ ከፍ አደረግሁት። ጥቂት ቈይቶ የሚያንቅ ጢስ ወጣ። እናቴ መስኮቱን ሁሉ ከፍታ አስወጣችን። ምስሉን ሳወጣው የአባባ ፊት እንደ ተቃጠለ ዳቦ ሆኗል፤ ሁለቱም እጆቻቸው ተሰንጥቀዋል። የሁለት ሳምንት ሥራ በአንድ ሰዓት ጠፋ። በዓሉም ሊደርስ የቀረው ስድስት ቀን ብቻ ነበር።

በክበባችን ውስጥ ከጅማሬው ጭቃ አልነካም ብላ ወረቀት ብቻ ትቈርጥ የነበረች አንዲት ተማሪ ነበረች። የተበላሸውን ምስል ባየች ጊዜ ዝም ብላ ቁራጭ ጭቃ አነሣችና እጅ መሥራት ጀመረች። ጣቶችዋን እያየን ሥራችንን ሁላችንም አቆምን። ደወል ገመድ የያዘ የሽማግሌ እጅ፥ ጅማቱ ሳይቀር፥ በጥቂት ደቂቃ ተሠራ። «ከየት ተማርሽው?» ብላት አልመለሰችልኝም። በማግስቱ ግን ብቻችንን ሳለን ነገረችኝ። አያትዋ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ልጅ ሳለች ከእርሳቸው ጋር ጭቃ ስታቦካ አድጋለች። በሌላ ተማሪ ቤት ስትማር ይህ ተሰምቶ ልጆች በክፉ ስም ጠሯት፤ ምሳዋንም ከእነርሱ ጋር እንዳትበላ አገለሏት። ከዚያ ወዲያ እጅዋ ጭቃ እንደሚያውቅ ለማንም አልተናገረችም።

በአገራችን የነበረውና ያለው

ይህን ከሰማሁ በኋላ ምርመራዬን በአገራችን ላይ አደረግሁ። ከጐንደር በስተሰሜን በመንገድ ዳር ወለቃ የምትባል መንደር አለች። በዚያ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ለብዙ ዘመን ከርስት ተገልለው በእጅ ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፥ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። በ20ኛው መቶ ዓመት ጐብኚዎች እየበዙ ሲመጡ ሴቶቹ ከእንስራና ከጀበና ሌላ በእጅ የሚያዙ ትናንሽ ምስሎች መሥራት ጀመሩ፤ አንበሳ፥ ወፍ፥ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፥ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ። መንኰራኵር አልነበራቸውም፤ ሁሉም በእጅ ተጠፍጥፎ፥ በለስላሳ ድንጋይ ተፈትጎ፥ በሜዳ ላይ እሳት ይተኰስ ነበር። እነዚህ ምስሎች ዛሬ በውጭ አገር ሰብሳቢዎችና ሙዚየሞች እጅ ይገኛሉ።

በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል በ36 ሰዓት ያህል ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ፤ ከዚያ በፊትም ብዙዎች ሄደው ነበር። ጥበቡ ግን አልጠፋም። ከሄዱት አንዳንዶቹ በእስራኤል ጭቃቸውን ማቡካት ቀጠሉ፤ በወለቃም የአካባቢው ሴቶች ምስሎቹን እየሠሩ መሸጥን ያዙ።

የሚያሳዝነው ግን ምስሉን የገዛ ሰው ሁሉ ሠሪዋን አለማክበሩ ነው። በአገራችን በብዙ ስፍራ ሸክላ ሠሪና ብረት ቀጥቃጭ ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብ እንዲቀር በአዋጅ አዘዙ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። የጓደኛዬ ምሳ ግን በእኛ ዘመን ነው የተገለለው። እንግዲህ ሕግ ብቻውን ልብን አይለውጥም ማለት ነው፤ ቀሪው ሥራ የትምህርትና የእኛ የተማሪዎቹ ነው።

እስኪ እናስተያየው። በጀርመን አገር ጭቃ የለወሰችው ልጅ ስምዋ በየሱቁ ይነበባል። በ1999 በሆንግ ኮንግ ማይክል ላው የሚባል ሠዓሊ የራሱን ትናንሽ ምስሎች ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ሰብሳቢዎች ሥራውን እንደ ታላቅ ጥበብ አደነቁለት። በጃፓን ለምስል አፍቃሪዎች አንድ ምስል በእጅ ቀርጸው፥ በሲሊኮን ቅርጽ አውጥተው የሚያባዙ ሠሪዎች ይከበራሉ። የእኛዋ ሸክላ ሠሪ ግን ያንኑ ጥበብ፥ ያውም ያለ ምድጃና ያለ ፋብሪካ፥ በባዶ እጅዋ ትሠራለች። ልዩነቱ የጥበቡ አይደለም፤ የእኛ አስተያየት ነው።

መደምደሚያ

የአባባ ምስል ለበዓሉ ደረሰ። ፊታቸውን እኔ እንደ ገና ሠራሁት፤ እጃቸውን እርስዋ ሠራችው። በ110 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ጋገርነው፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰን በአክሪሊክ ቀለም ቀባነው። በኤግዚቢሽኑ ቀን አባባ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ «ፊቱ የሌላ ሰው ይመስላል፤ እጁ ግን የኔ ነው» አሉ። ሁላችን ሣቅን፤ ከሁሉ ይልቅ የሣቀችው ግን እጁን የሠራችው ናት።

ከምስሉ ሥር የሠሪዎቹ ስም የሚጻፍበት ካርድ ነበረ። እርስዋ ከስምዋ ቀጥላ በራስዋ ፈቃድ «የሸክላ ሠሪ የልጅ ልጅ» ብላ ጻፈች። አያትዋም በዚያ ቀን ተጋብዘው መጥተው ነበር። ማንበብ ስለማይችሉ ካርዱን ጮክ ብላ አነበበችላቸው፤ በዙሪያው የነበርነው ሁሉ ሰማን።

ወዳጆቼ ሆይ፥ ከ25,000 ዓመት በፊት አንድ ልጅ በእርጥብ ጭቃ ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ ምልክቱ ዛሬም አለ። ጭቃው ከአፈር ወደ ቅባት፥ ከቅባት ወደ ፕላስቲክ ተለወጠ፤ የሚያበጀው የሰው እጅ ግን ያው ነው። ስለዚህ የምስሉን ውበት ስናደንቅ እጁንም እናክብር። በክፍላችን ውስጥ እጁን የደበቀ ጓደኛ ካለ ደግሞ ለምን እንደ ደበቀው እንጠይቀው። ለተማሪ ቤታችን በዓል ከዚህ የተሻለ ስጦታ ያለ አይመስለኝም።